ሸክላው ያልያዘው ድምፅ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የመቁረጫ ጠረጴዛ የሞሉት ጠባብ ሱቅ ነበራቸው። እኔ ከመወለዴ በፊት ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ ሙዚቀኞች እንደነበሩ ሲነገረኝ አድጌአለሁ። ትራምፔት የሚነፋ ሰው ክንዱን ሲያነሣ ኮቱ አብሮት እንዳይነሣ ብብቱ ሰፋ ተደርጎ መቆረጥ አለበት፤ ሳክስፎን የሚነፋው የአንገት ማንጠልጠያው ኮሌታውን ስለሚበላበት ከውስጥ ደራቢ ጨርቅ ይገባለታል፤ የትሮምቦኑ ሰው ቀኝ እጅጌ ደግሞ ከግራው ቀድሞ ያልቃል። ይኼን ሁሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለ ሙዚቃው ግን ብዙም አያወሩም ነበር። ጨርቅ ሲቆርጡ ብቻ፣ መቀሱ ረጅሙን መስመር ይዞ ሲሄድ፣ አንዲት ዜማ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ ያንጎራጉራሉ። ሁልጊዜ ያችኑ።

«አባባ፣ ቃሉ ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«ቃል የለውም፤ የዳንስ ነው።»

«ጃዝ ነው?» ስላቸው ሳቁብኝ። በእሳቸው ዘመን ሰው አፍ ጃዝ ማለት ከበሮው ነው። ጃዝ ይመታል እንጂ አይሰማም። አንባቢ ይኼን ልብ ይበልልኝ፤ ዛሬ ዓለም በአንድ ስም ጠቅልሎ ‹ኢትዮ ጃዝ› የሚለውን ሙዚቃ፣ በጊዜው በወለሉ ላይ ሲደንሱበት የነበሩት አብዛኞቹ ሰዎች በዚህ ስም አያውቁትም ነበር። ማምቦ ነው፣ ቻቻ ነው፣ ታንጎ ነው፣ ቫልስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እስክስታው ይመጣል።

በ1997 ዓ.ም. ፒያሳ ከነበሩት ኢንተርኔት ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ያችን ዜማ መፈለግ ጀመርኩ። ስም የሌላትን ዜማ በፊደል መፈለግ ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሒሳቡ በደቂቃ ይቆጠራል፤ የአራት ደቂቃ ሙዚቃ እስኪወርድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ሀ ብሎ መጀመር ነው። ከሁሉ የባሰው ፊደሉ ነበር። ‹ጥላሁን› የሚለውን ስም ፈረንጆቹ በላቲን ፊደል ቢያንስ በአምስት ዓይነት ይጽፉታል፤ የ‹ጥ›ን ጥንካሬ አንዱ በነጥብ፣ ሌላው በሁለት ፊደል፣ ሌላው በዝምታ ያልፈዋል። ‹ጌታቸው›ን የሚጽፉበትን መንገድ ቆጥሬ አልጨረስኩትም። የራሴን አገር ሰው ለማግኘት መጀመሪያ ባዕድ ጆሮ ስሙን እንዴት ሊሰማው እንደሚችል መገመት ነበረብኝ።

ያገኘሁት የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ነበር። ሲዲ ላይ አስገልብጬ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ቤት ይዤው ገባሁ። አባቴ ያን ጊዜ ሰባዎቹን ተሻግረዋል፤ ዓይናቸው መርፌ መሰካት ካቆመ ቆይቷል። ሲዲውን ከፈትኩት።

«ጌታቸው ነው» አሉ፣ ሁለተኛው ትንፋሽ ሳያልቅ።

«እንዴት አወቁት?»

«በሳክስፎን የሚሸልል ሌላ ማን አለ?»

ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ጥቂት ቆይተው ግን ፊታቸው ቅር አለው። «ሌሎቹስ? ተቀባዮቹ የት አሉ?» አሉኝ።

«ሌላ የለም፣ አባባ። ሸክላው ይኸው ነው።»

«እንግዲያው ያመጣህልኝ ግማሹን ነው።»

ከዚያች እሑድ ጀምሮ ስፈልግ የኖርኩት የቀረውን ግማሽ ነው።

‹ተቀባይ› ያሉት በአጋጣሚ አልመሰለኝም። በዘፈናችን አውጪና ተቀባይ አለ፤ አንዱ ያወጣል፣ የቀረው እያጨበጨበ ይቀበላል። በትልቁ ባንድ ውስጥ ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑና ሳክስፎኑ በረድፍ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ይኸው የመቀበል ሥራ ነው። ዘፋኙ ወይም ብቸኛው መሣሪያ አንድ ስንኝ ያህል ይላል፤ ነሐሱ በአንድ አፍ ይመልስለታል። ሰርግ ቤት በጭብጨባና በእልልታ የሚሠራው በቲያትር ቤቱ መድረክ በትንፋሽ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ተቀባዩን ብታወጡት ዘፈኑ አይሞትም፤ ነገር ግን ብቻውን የሚያወራ ሰው ይመስላል።

ነሐሱ ወደዚህ አገር እንዴት መጣ? መነሻው በአመዛኙ ይታወቃልና በአጭሩ ልለፈው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች በስጦታ መጡ፤ የሰልፍ ሙዚቃም ተጀመረ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ፣ በአርመኖች ገዳም፣ ከእልቂቱ ተርፈው የተጠጉ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። አርባ ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ከተማውም ‹አርባ ልጆች› አላቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የቅኔው ሰውና ስደተኛው አርመን በአንድ መዝሙር ውስጥ መገናኘታቸውን ሳስብ፣ የዘመናዊ ሙዚቃችን ጠባይ ገና ከዚያ የተወሰነ ይመስለኛል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የኬቮርክ ወንድም ልጅ፣ ነርሲስ ናልባንዲያን ነው። ነርሲስ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ አሠለጠነ፤ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ኦርኬስትራም በእጁ አለፈ፤ የጦሩና የፖሊሱ ሙዚቀኞችም ከእሱ ተምረዋል። የገጠመው ችግር ቀላል አልነበረም። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አንቺ ሆዬም ሆነ አምባሰል አምስት ድምፅ ነው ያላቸው፤ አዝማሪውና ማሲንቆው በአንድ መስመር ተያይዘው ይሄዳሉ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይደረብም። ይኼን ዜማ ለአሥርና ለአሥራ ሁለት የትንፋሽ መሣሪያ፣ እያንዳንዱን በየድርሻው ከፋፍሎ፣ ግን ትዝታነቱ ሳይጠፋ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ነርሲስ እየቀያየረ ሲሞክር ኖሯል። ዛሬ አንድ የኢትዮጵያ ዘፈን በሁለት ማሲንቆና በአንድ ክራር ቢጀምር፣ ከኋላው ነሐስ ሲገባ የማይደነግጠን በዚያ ሙከራ ላይ ስላደግን ነው።

ያን ጊዜ ባንድ ማለት የመንግሥት ነበር። ክብር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ቲያትር ቤት። ሙዚቀኛው ወታደር ነው፤ ደመወዙ በወር ነው፤ ሳክስፎኑ እንደ ጠመንጃው የመንግሥት ንብረት ነው። ቀን ሰልፍ ያጅባል፤ ማታ የዳንስ ልብሱን ለብሶ ማምቦ ይጫወታል። የሀገር ፍቅር ማኅበር ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ በ1927 ዓ.ም.፣ ጠላት በድንበር ላይ ሳለ፣ ሕዝቡን ለማነሣሣት የተቋቋመ ነው። ቲያትር ቤቱ ፒያሳ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠም ወደ ክብር ዘበኛ ከመሄዱ በፊት የጀመረው እዚያ ነው።

እንግዲህ አራዳ የነዚህ ሁሉ መገናኛ ነበረች። መኮንኑ፣ ነጋዴው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ተማሪው ከማታ በኋላ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወርዳሉ። ውቤ በረሃን ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ማስተዋወቅ ድፍረት ነው፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ‹ሌቱም አይነጋልኝ› አልጋውንም፣ ብርጭቆውንም፣ ንጋቱንም አሳይቶናል። እኔ የምጨምረው ጆሮን ነው። ሙዚቀኛው ከግዳጁ በኋላ መሣሪያውን ይዞ ወደ ምሽት ክበብ ይሄድ ነበር። ማሕሙድ አሕመድ ጫማ ጠርጓል፤ ቆይቶ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ በሚሰበሰቡበት አሪዞና ክለብ የጉልበት ሥራ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ምሽት ዘፋኝ ቀረና «እኔ ልሞክር» አለ። ሞከረ፤ ክብር ዘበኛም ወሰደው። ስለዚያ ምሽት ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ የቀረው ዘፋኝ ምን አጋጥሞት ይሆን?

ያ ምሽት ሸክላ ላይ የለም። ሊኖርም አይችልም ነበር። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ ያወጣቸው ሸክላዎች አሉ፤ ጥቂት ናቸው። የሬዲዮ ጣቢያው በቴፕ የቀዳቸውም አሉ፤ የጥላሁን የወጣትነት ድምፅ የተረፈን በአብዛኛው በዚያ ነው። ነገር ግን ማንም ነጋዴ ተነሥቶ «ይኼን ባንድ ልቅረጸው፣ ልሽጠው» ማለት አይችልም ነበር። ትልልቆቹ ባንዶች በጉልበታቸው በነበሩበት ሃያ ዓመት ውስጥ፣ ሙዚቃቸው በአብዛኛው የተሰማው በተጫወቱበት ምሽት፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በነበሩ ሰዎች ብቻ ነው።

ጌታቸው መኩሪያን ምሳሌ ላድርግ። እ.ኤ.አ. በ1949 የማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። ሽለላንና ፉከራን፣ ያንን የአርበኛ ጩኸት፣ ወደ ሳክስፎን ያመጣው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያ ሳክስፎን በብዛት ሸክላ ላይ የወጣው ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ ያውም በጥቂት አጃቢ መሣሪያ። ፈረንጅ ተቺዎች ሰምተው በአሜሪካ በ1960ዎቹ ከተነሡት ነፃ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቾች ጋር አነጻጸሩት። እሱ ከነሱ የተማረው ነገር የለም፤ የሽለላ አገር ልጅ ነው። ይኼን ታሪክ በቀኑ ልናስረዳ ስንነሣ በእጃችን ያለው ማስረጃ ዘግይቶ የወጣ ሸክላ ነው።

አምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ትእዛዝ ጣሰ። ፈቃድ አላገኘም፤ ዝም ብሎ አደረገው። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነው፤ በስም ይመሳሰላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ዓለማየሁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣ ነው። ሸክላው ሕንድ አገር ታተመ፤ በኋላ ሊባኖስ። የሚፈራው ቅጣት አልመጣም፤ ሀገር ፍቅር ቅር ቢለውም ነገሩ በዚያው አለፈ። ፊሊፕስ ቀጠለ፤ ዐሊ ዐብደላ ኬይፋ፣ ሕዝቡ ‹ዐሊ ታንጎ› የሚለው፣ ቀጠለ። አምሐ እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላና ወደ አሥራ ሁለት የሚደርሱ ትልልቆችን አወጣ። በ1978 ሸክላ ማሳተም ሲያበቃ የሁሉም ተደምሮ ትንንሾቹ ከ500 አልዘለሉም፤ ትልልቆቹም ሠላሳ ቢሆኑ ነው።

የዓለም አድናቂ ‹ወርቃማው ዘመን› የሚለው እነዚህን ሸክላዎች ነው። በእኔ ግምት ግን እነሱ የወርቃማው ዘመን ማምሻ ናቸው። እ.ኤ.አ. 1969 ሲደርስ ዓለሙ ተለውጧል፤ የሰላም ጓዶች ይዘዋቸው የመጡት የሶል ሸክላዎች፣ አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ጣቢያ፣ ኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን አዲስ ጆሮ ፈጥረዋል። ሆቴሎችና ክበቦች የራሳቸውን ትንንሽ ባንዶች ይቀጥራሉ። ለአምስት ወይም ለሰባት ሰው መክፈልና ለአሥራ አምስት መክፈል አንድ አይደለም፤ ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት አንድ ጊታር ደግሞ የአንድ ረድፍ ትራምፔት ያህል ይሰማል። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ባንዶች ሸክላ ላይ የወጡበት ጊዜ አለ፤ አልክድም፤ በሙሉ ነሐሳቸው ስትሰሟቸው ወንበር ያስለቅቃሉ። ግን ትንሿ ሸክላ በአንድ ፊቷ የምትይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ነው። የዳንስ ሙዚቃ እንደ ወለሉ ሙቀት ይረዝማል፤ የባንዱ መሪ ሰው እስኪደክመው ይደግመዋል። ሸክላ ነጋዴው ያንን ሊገዛ አይችልም።

የዱክ ኤሊንግተንን ነገር እዚህ ላይ ላንሣ። በኅዳር 1966 ዓ.ም. ከነሙሉ ኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ሸለሙት፤ ሙላቱ አስታጥቄ አብሮት ሠራ። ኤሊንግተን ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለማቋረጥ ሸክላ ያስቀረጸ ሰው ነው። ዛሬ አንድ ተማሪ የእሱን ባንድ ከዓመት ዓመት ተከትሎ፣ የትኛው ትራምፔት ነፊ መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ በጆሮው መለየት ይችላል። በአዳራሹ ተቀምጠው ሲያጨበጭቡለት ከነበሩት ሙዚቀኞቻችን መካከል ግን ሃያ ዓመት ነፍተው አንድ ሸክላ የሌላቸው ነበሩ። ኤሊንግተን በግንቦት አረፈ። በመስከረም 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ። የከተማው ሌሊት ከመንገድ ተነሣ፤ ሙዚቃ የቀረው ሆቴል ውስጥ ነው፤ እሱም ቢሆን የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም። አምሐ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ወደ አሜሪካ ሄደ። የአባቴ ሱቅም የዳንስ ልብሱን ትቶ ወደ ካኪ ገባ፤ እሳቸው እንደሚሉት «ካኪ ብብት አያስጨንቅም፤ ማንም ክንዱን የሚያነሣው ለመፈክር ነው»። ይኼን በዝግ ድምፅ ነበር የሚሉት።

የእኔ የልጅነት ሙዚቃ የካሴት ነው። ፒያሳ ላይ ማሕሙድ አሕመድ የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ነበር፤ የአራዳ ልጅ ሁሉ ቀጠሮ እዚያ ደጃፍ ነው። ከውስጥ የሚወጣው ሙዚቃ እንኳን የጠበቁት ሰው ባይመጣ ምንም አይደል ያሰኛል። ካሴቱ ከካሴት፣ ያም ከሌላ ካሴት ይገለበጣል፤ በሦስተኛው ግልባጭ ላይ ነሐሱ እንደ ዝናብ ድምፅ ይሆናል። ትልልቆቹ ባንዶች ለሁለተኛ ጊዜ የጠፉት በዚህ መንገድ ነው።

መልሶ የሰጠን ደግሞ ውጭ አገር ያለ ሰው ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1984 የማሕሙድን ሸክላ ሰማ፤ ዜማውን ተከትሎ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 ቤልጂግ አገር የማሕሙድ ሥራ ታተመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ‹ኢትዮፒክስ› የተባለው ተከታታይ እትም ፓሪስ ላይ ተጀመረ፤ እስከ 2017 ሠላሳ ደረሰ። አራተኛው የሙላቱ ነው፤ ከእሱ የተወሰዱ ዜማዎች በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገቡና ዓለም ‹ይኼ ምንድን ነው?› አለ። አሥራ አራተኛው የጌታቸው መኩሪያ ነው፤ እኔ በደቂቃ ሒሳብ ያወረድኩት። ጌታቸው ራሱ በዚያ ምክንያት ከሆላንድ የመጡ ሙዚቀኞች ጋር አውሮፓን ዞረ፤ በ2006 አብረው ሸክላ አወጡ፤ ተቀባይ አገኘ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. አረፈ።

ስለዚህ ነገር ወዳጆቼ ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንደኛው «የራሳችንን ሙዚቃ ከፓሪስ ገዛነው» ብሎ ይቆጫል። ሌላው «ባይገዙን ኖሮ የት እናገኘው ነበር?» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ነኝ፤ ቁጭቱ ግን አለብኝ። የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ሁለቱንም ስሜት በአንድ ጊዜ ይሰጣል። የዋልያስ ባንዱ ኦርጋን ተጫዋች በ1981 (እ.ኤ.አ.) ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ያለማምድ ነበር። ያንን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ለቃሚ ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ አገኘው፤ ሰውየውን በኢንተርኔት ፈልጎ ደወለለት፤ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፤ አዲስ ሥራም ሠራ። ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ስንቶቻችን አልፈነዋል?

እኔም አፈላለጌን ለወጥኩ። ዘፋኙን መፈለግ ተውኩ። ሸክላው ላይ የዘፋኙ ስም በትልቁ፣ የባንዱ በትንሹ ይጻፋል፤ ነፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፉም። ስለዚህ ድምፃቸውን እያደመጥኩ መመደብ ጀመርኩ። ትንፋሹን ከመሳቡ በፊት አጭር የሚያቋርጥ ትራምፔት አለ፤ በሦስት የተለያዩ ዘፋኞች ሸክላ ላይ አገኘሁት። በስህተት ስም የተለጠፉ ዘፈኖችም ሞልተዋል፤ የአንዱ ዘፋኝ ሥራ በሌላው ስም እየዞረ ዓመታት ይቆያል። ፊት ለፊት የሚያርሙት በአዳራሹ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው። አባቴን እያስቀመጥኩ ብዙ አሰማኋቸው። አንዳንዴ «ይኼ የጦር ነው» ይላሉ፤ አንዳንዴ «ይኼ ቀጭን ሰው ነው የሚነፋው»። ቀጭን መሆኑን በምን እንዳወቁት አይነግሩኝም። ያችን ዜማ ግን አላገኘኋትም። በ2004 ዓ.ም. አረፉ።

ጥር 2007 ላይ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዛምባም አብሮ ሄደ፤ የቀድሞዎቹ ሙዚቀኞች ከወጣቶች ጋር እየተጫወቱ ፒያሳ እንደገና ምሽት አግኝታ የነበረው በዚያ አዳራሽ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴና አምሐ እሸቴ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021 በወራት ልዩነት ሞቱ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ። ዶሮ ማነቂያም ከነሱ አንዱ ነው።

ከመፍረሱ ጥቂት ቀን በፊት የአባቴን ሱቅ ዕቃ ለማውጣት ሄድኩ። የመቁረጫ ጠረጴዛው በበሩ አልወጣ አለና ለሁለት መሰንጠቅ ነበረብን። ከሥሩ ባለው መሳቢያ፣ በገበር ጨርቅ የተጠቀለሉ የልኬት ደብተሮቻቸው ተገኙ። ብዙው ገጽ የማንም ሰው ልኬት ነው፤ የነጋዴ፣ የሙሽራ፣ የአስተማሪ። በ1951 ዓ.ም. ደብተር ውስጥ ግን በአንድ ቀን የተወሰዱ፣ ከአንድ ጣቃ ጥቁር ሱፍ የተቆረጡ አሥራ አራት ኮቶች አሉ። አባቴ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሰውየው የሚነፋውን ወይም የሚመታውን ጽፈዋል፤ ለእሳቸው ያ የልኬቱ አካል ነበር። ስሞቹን እዚህ አላወጣም፤ ልጆችና የልጅ ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸውና መጀመሪያ እነሱ ይዩት። አንድ ሁለቱን ከሸክላ አውቃቸዋለሁ። የቀሩትን በየትኛውም ሸክላ ላይ አላየኋቸውም።

ሦስት ትራምፔት። ሁለት ትሮምቦን፤ የሁለቱም ቀኝ እጅጌ በአንድ ጣት ሰፋ እንዲል ታዟል። አምስት ሳክስፎን። አንድ ክላርኔት። አንድ ፒያኖ፣ አንድ ባስ። በመጨረሻው መስመር «ጃዝ፣ ወገብ 82» ይላል። ከገጹ ግርጌ፣ በቀይ እርሳስ፣ «ለቅዳሜ ማታ ይድረስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎኑም የመድረሱ ምልክት አለ።